አስፋልት ሳይሰበር የፍሳሽ መስመር ማደስ

ያረጀ የፍሳሽ መስመር ለመጠገን ሁልጊዜ መንገድ መቆፈር አያስፈልግም። ኤሪክ ዉድ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ የጀመረው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። በሬዚን የራሰ ወፍራም የጨርቅ ቱቦ በማንሆል በኩል፣ በውኃ ወይም በአየር ግፊት፣ እንደ ካልሲ እየተገለበጠ ይገባና ከአሮጌው ቱቦ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በሙቅ ውኃ፣ በእንፋሎት ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይጠነክራል። ጨርሶ የተደረመሰ መስመር ግን በዚህ አይድንም።

ዋናው ጥንቃቄ ከቤቶች የሚመጡት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። አዲሱ ሽፋን አፋቸውን ይደፍናል፤ ካሜራ ያለው ሮቦት ከውስጥ ቆርጦ ይከፍተዋል። አንዱ ከተዘለለ የዚያ ቤት ፍሳሽ ተመልሶ ቤት ውስጥ ይገነፍላል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መስመሩን በካሜራ ቀርጾ የእያንዳንዱን አፍ ርቀት በሜትር መመዝገብ ግድ ነው።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ሁሉ በጨረታ ሰነድ ውስጥ አይገኝም፤ ልምድ መለዋወጥ ያስፈልጋል። ካናዳ ውስጥ በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ያለው ያለ ቁፋሮ የሚሠሩ ዘዴዎች ማዕከል ማዘጋጃ ቤቶችን፣ ተቋራጮችንና ተመራማሪዎችን ያገናኛል። ከተሞች ለጉብኝት የሚያሳዩት የተሳካውን ሥራ ነው፤ እኔ ግን የተበላሸው ሥራ መዝገብም ለጎረቤት ከተማ ይሰጥ ባይ ነኝ፦ ሬዚኑ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት እንደጠነከረ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ሰርጎ አቀዝቅዞት እንደነበር፣ ሽፋኑ የት ላይ እንደተሸበሸበ።