ምሩፅ ከኋላ የሮጠው ስለደከመ አይደለም

ዛሬ ቆቦ ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር፤ የሴቶች 3,000 ሜትር። የምትመራዋን ልጅ ዳኛው «የመጨረሻ ዙር!» አላት። ያላትን ሁሉ አውጥታ ሮጠች፣ መስመሩን አልፋ ተዘረጋች። «ተነሺ፣ አንድ ዙር ይቀርሻል!» አሏት። እንደምንም ተነስታ ጨረሰች፣ ግን ሦስት ልጆች አልፈዋት ነበር። ማታ ቴሌግራም ስከፍት «እንደ ምሩፅ መጨረሻ ላይ ብቻ ብትሮጥ ታሸንፍ ነበር» የሚል ሊቅ ጠበቀኝ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ አትታዘቡኝ።

1. ምሩፅ ይፍጠር መጨረሻ ላይ «ብቻ» አልሮጠም። ሞስኮ ኦሎምፒክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980 አሥር ሺ ሜትሩን የጨረሰው በ27:42.7 ነው። ለ25 ዙር አካፍሉት፤ አንዱ ዙር 66 ሰከንድ ተኩል ይመጣል። ማርሽ የቀየረው ያንን ሁሉ ተሸክሞ፣ 300 ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው።

2. ብቻውንም አልነበረም። የቡድን ጓደኞቹ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሌላውን አደከሙለት። ከድር ነሐስ ወሰደ፣ ቶሎሳ አራተኛ ወጣ። የፊንላንዱ ላሲ ቪረን፣ ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ ምሩፅን የቀደመው ሰውዬ፣ አምስተኛ።

3. «ምዕራባውያን ከሞስኮ ስለቀሩ ነው ያሸነፈው» የምትሉ፦ በ1977 ዱሰልዶርፍ፣ በ1979 ሞንትሪያል፣ በዓለም ዋንጫ አሜሪካም አውሮፓም ባሉበት 5,000ንም 10,000ንም አሸንፏል። ሁለቴ! ይኼን ደግሞ ማን ቀርቶለት ነው?

4. ዙር ቆጠራ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

ያ ማርሽ ቀያሪ ምሩፅ በ1971 አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ዱርሃም ላይ በ5,000 ሜትር ዙር ተሳስቶበት፣ አንድ ዙር ሲቀር ተፈትልኮ ጨረስኩ ብሎ ቆመ። ድሉን አሜሪካዊው ስቲቭ ፕሪፎንቴይን ወሰደው። አቅም አንሶት እንዳትሉ፣ እዚያው ውድድር ላይ በ10,000 ፍራንክ ሾርተርን ቀድሞ ገብቷል። በዓመቱ ሙኒክ በ10,000 ነሐስ ካገኘ በኋላ 5,000ው ላይ ሳይሰለፍ ቀረ፤ ውድድሩ ሲጀመር መነሻው ላይ አልነበረም። እንዲህ ያለ እግር እንኳ በትክክል የሚቆጥርና በሰዓቱ የሚጠራ ሰው ካጣ ከንቱ ነው። የእኛዋ ልጅ ምን ታድርግ?

«መጨረሻ ላይ ብቻ» የሚሠራ ሰው ከፈለጋችሁ፣ በአሜሪካ ቤዝቦል ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ብቻ የሚገባ ኳስ ወርዋሪ አለ። የኒውዮርክ ያንኪስ ማሪያኖ ሪቬራ እንዲያ እየገባ 652 ጊዜ የቡድኑን መሪነት አስጠብቆ ወጥቷል። እሱ ግን ስንት እንደቀረ የሚነግረው ሰሌዳ ፊቱ ተተክሎለት ነበር። የእኛ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ አንድ ዙሩ በኖራ የተሰመረ 200 ሜትር ነው፤ 3,000 ማለት 15 ዙር። የተደረበውንና ያልተደረበውን ለይቶ የሚቆጥረው አንድ ዳኛ፣ እሱም በአንድ ጆሮው ስልክ ይዞ።

አዘጋጆቹስ? ባነር ታትሟል፣ ቲሸርት ታድሏል፣ የክብር እንግዳው ተናግረው ተናግረው ጨርሰዋል። ጠዋት 1 ሰዓት የተባለው ሩጫ የተጀመረው 5 ሰዓት ተኩል ነው። በራያ ቆላ! በዚያ ፀሐይ ግመል እንኳ ጥላ ይፈልጋል፤ ልጆቹ ግን ውሃ ሳይቀርብላቸው ቆመው ንግግር ሰሙ። በጀት የለም ይሉኛል። ወረቀትና እስክሪብቶ ስንት ነው? ለእያንዳንዷ ሯጭ ቁጥሯን ይዞ በየዙሩ ጭረት የሚያደርግ አንድ ተማሪ በቂ ነው። ደወልም አትግዙ፤ ለክፍለ ጊዜ የምንደውለው ቸርኬ ሜዳው ዳር ተሰቅሏል፣ ብረት አንስቶ መምታት ብቻ ነው።

ልጅቷ «ቲቸር፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለሽም አልኳት። ቅሬታ ላስገባ ስሄድ ቅጹ አልቋል ተባልኩ፤ ከደብተሯ ገጽ ቀድጄ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ሰኞ መልስ እጠብቃለሁ።