መብረቅ ከሰማይ ብቻ አይመጣም፦ ዛፍ ሥር የሞቱት በሬዎች ነገር

ልጅ ሳለሁ ክረምቱን የማሳልፈው ገጠር፣ አጎቴ ቤት ነበር። አንድ ሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። የአጎቴ ሁለት በሬዎች እንደ ልማዳቸው ለብቻው በቆመ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ተጠለሉ። እረኛው ልጅ ደግሞ ጆንያውን ተከናንቦ ከነሱ ራቅ ብሎ ቆመ። መብረቁ ዛፉን መታው። በሬዎቹ እዚያው ወደቁ። ልጁ እግሩ ደንዝዞ ለጥቂት ጊዜ መራመድ አቃተው እንጂ ተረፈ። ያን ዓመት አጎቴ ያረሰው የሰው በሬ ተውሶ ነው።

መንደሩ ውስጥ ብዙ ተባለ። እኔን ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። መብረቁ የመታው ዛፉን ነው፤ ታዲያ በሬዎቹ ለምን ሞቱ? ልጁስ እንዴት ተረፈ? መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ስማር ነው።

መብረቅ እንዴት ይፈጠራል?

ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች። ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ትልቅ ደመና ይሆናል። በደጋው አገራችን ነጎድጓድ ከሰዓት በኋላ የሚበዛው አንድም ለዚህ ነው። ደመናው ውስጥ ትናንሽ የበረዶ ቅንጣቶችና ከበድ ያሉ የበረዶ ጠጠሮች ይጋጫሉ፤ ሲጋጩም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይለዋወጣሉ። በአብዛኛው ቀላሎቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከባዶቹ ኔጋቲቭ ይዘው ታች ይቀራሉ። ልዩነቱ ሲበዛ አየሩ መቋቋም ያቅተውና ኮረንቲው ጥሶት ያልፋል። መብረቅ የምንለው ይህንን ነው።

ይህ ኮረንቲ 30,000 አምፔር ገደማ ሊደርስ ይችላል። የሚያልፍበትን አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሞቀዋል፤ ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። በድንገት የጋለው አየር ሲፈነዳ የምንሰማው ድምፅ ነጎድጓድ ነው።

መሬት ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?

አንድ ባልዲ ውኃ መሬት ላይ ብትደፉ ውኃው በየአቅጣጫው ይፈሳል። ኮረንቲውም ዛፉን ወርዶ መሬቱ ላይ እንደዚያው ይሰራጫል። ቮልቴጁ ዛፉ ጋ በጣም ከፍተኛ ነው፤ ከዛፉ በራቅን ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። እንግዲህ ሁለት እግሮቻችሁ ከዛፉ እኩል ካልራቁ፣ የቆሙበት ቮልቴጅም እኩል አይደለም። ልዩነቱ ኮረንቲ በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ይገፋዋል።

እስቲ እናስላው። 30,000 አምፔር እርጥብ አፈር ውስጥ ገባ እንበል፤ የአፈሩ የመቋቋም መጠን 100 ኦም ሜትር ይሁን። ከዛፉ 10 ሜትር ርቆ በግማሽ ሜትር እርምጃ የቆመ ሰው በሁለት እግሮቹ መካከል 2,300 ቮልት ገደማ ያገኘዋል። የፊትና የኋላ እግሩ በ1.5 ሜትር የተራራቀ በሬ ግን ከ6,000 ቮልት በላይ! ሰውየው እግሩን ገጥሞ ቢቆምስ? በ10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ወደ 500 ቮልት ይወርድለታል። ጊዜው ከሰከንድ እጅግ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ይገድላል።

ሌላም ነገር አለ። በሬው ላይ ኮረንቲው ከፊት እግር ወደ ኋላ እግር ሲሄድ ልብን አቋርጦ ያልፋል። እረኛው ላይ ግን ከእግር ወደ እግር ነው ያለፈው። ለዚህ ነው እግሩ የደነዘዘው፤ ለዚህ ነው የተረፈው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኖርዌይ ውስጥ ሃርዳንገርቪዳ በተባለ አምባ ላይ 323 አጋዘኖች በአንድ ማዕበል ሞተው ተገኝተዋል። መብረቅ እያንዳንዳቸውን አልመታም፤ ተጠጋግተው በቆሙበት መሬቱ ነው ያደረሰባቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ቁጠሩ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያሉትን ሰከንዶች ለ3 አካፍሉ፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል። 30 ሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ መብረቅ ደግሞ ያን ያህል ርቆ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ግቡ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ።

የት እንግባ? የኤሌክትሪክ መስመርና ቧንቧ ያለው የብሎኬት ቤት ጥሩ ነው። ውስጥ ሆናችሁ ግን ቧንቧና ሶኬት ላይ የተሰካ ዕቃ አትንኩ። ጣሪያው ብረት የሆነ መኪናም መስኮቱ ከተዘጋ ጥሩ ነው። የሚያድናችሁ ጎማው አይደለም፤ ኮረንቲውን በውጭ በኩል ወደ መሬት የሚያሳልፈው የብረት አካሉ ነው። የሸራ ጣሪያ ያለው ባጃጅ እንዲህ አይከላከልም። የሳር ጎጆም ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያድንም። ሌላ አማራጭ ከሌለ ከግድግዳውና ከምሰሶው ራቁ።

ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ለብቻው ከቆመ ዛፍ፣ ከኮረብታ ጫፍ፣ ከሽቦ አጥርና ከውኃ ራቁ። ብዙ ከሆናችሁ ተበታተኑ። መሬት ላይ አትተኙ፤ የተኛ ሰው እንደ በሬው ረጅም ርቀት ሸፍኗል። መሸሸጊያ ጨርሶ ከጠፋ እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። መብረቅ ቀለም አይመርጥም፤ የሚስበው ከፍታና ለብቻ መቆም ነው።

መብረቅ የመታውን ሰው መንካት አያስፈራም፤ ሰውነቱ ላይ ኮረንቲ አይቀርም። አፈር በማልበስ ጊዜ አታጥፉ። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መሐል ላይ በፍጥነትና በኃይል እየተጫናችሁ እርዳታ ጥሩ።

ባለፈው ክረምት አጎቴ ጋ ሄጄ ለመንደሩ ልጆች እግር ገጥሞ ቁጢጥ ማለትን ሳሳያቸው ሳቁብኝ። አጎቴ ግን አልሳቀም። ደመናው ሲጠቁር ከብቶቹን ከዛፉ ሥር አስወጥቶ ወደ ረባዳው ሜዳ እንዲነዳ ለእረኛው ነገረው።