የጠራ ድምፅና የጎላ ድምፅ ለየቅል ናቸው

በስልካችን የከፈትነው ዘፈን ድምፁ ደብዘዝ ሲልብን ቶሎ ብለን ድምፁን እንጨምራለን። ያኔ ዘፈኑ እውነትም የተሻለ ይመስላል፤ ግን ያታለለን ጆሯችን ነው። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ወፍራሙን ቤዝና ቀጭኑን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። ይህንን ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ድምፁን ስንጨምር የተደበቀው ቤዝ ይወጣል እንጂ ፋይሉ ውስጥ ያልነበረ ነገር አይገባም።

ጥራቱ የት ይጎድላል?

ሲዲ ሲዘጋጅ ድምፁ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል። ጤናማ የወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው፤ አንድን ድምፅ መልሶ ለማግኘት ደግሞ በሰከንድ ከሚርገበገብበት ቁጥር ከእጥፍ በላይ መለካት ይበቃል። እንዲህ የተቀዳ ሙዚቃ በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት ይወስዳል።

ኤምፒስሪ ፋይሉን የሚያሳንሰው በጎላ ድምፅ ስለተሸፈነ ጆሮ የማይለየውን ድምፅ እየጣለ ነው። 320 ኪሎ ቢት ከሆነ አብዛኛው ሰው ከሲዲው ሊለየው ይቸገራል። ወደ 128 ሲወርድ ግን የሲዲው አሥራ አንደኛ እጅ ብቻ ስለሚቀር ጉድለቱ መሰማት ይጀምራል፤ የባህል ዘፈን ጭብጨባና የጸናጽል ድምፅ ቀድመው ይሟሟሉ።

ዘፈን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ቢገለበጥ ምንም አይጎድልበትም። የሚጎድለው ለምሳሌ ከቪዲዮ ወጥቶ እንደገና ወደ ኤምፒስሪ ሲቀየር ነው። አንዴ የተጣለው አይመለስም፤ የ128ቱን ፋይል ወደ 320 ብንቀይረው መጠኑ ይጨምራል እንጂ ድምፁ አይጠራም። ፍላክ የሚባለው ዓይነት ግን ምንም ሳይጥል ፋይሉን ብዙ ጊዜ በግማሽ ያህል ያሳንሳል።

ጆሮስ ስንት ይችላል?

በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ለመስማት የሚያገለግሉ 15,000 ያህል ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። እነዚህ ሴሎች በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ስለሆነ የተጎዳው ሰው መስማቱን ሳያጣ ንግግር መለየት ያቅተዋል፤ በተለይ ሰው በበዛበት ቦታ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 90 ላይ 4 ሰዓት፣ 100 ላይ ደግሞ ለሳምንቱ በሙሉ 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይቀራል። ለሕፃናት መነሻው 75 ዴሲቤል ነው።

ምን እናድርግ?

ታክሲ ውስጥ ድምፅ የምንጨምረው አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን ጩኸትና የረዳቱን ጥሪ ለመሸፈን ነው። ስለዚህ ከድምፁ በፊት ማዳመጫውን እናስተካክል። ጆሮ ውስጥ በደንብ የሚገጥም የጎማ ጫፍ ወይም የውጭ ጩኸት የሚቀንስ ማዳመጫ ካለ፣ በዝቅተኛ ድምፅም ሙዚቃው ጥርት ብሎ ይሰማል። ድምፁን ከስልኩ ከፍተኛ መጠን 60 በመቶ አያሳልፉ። አንዳንድ ስልኮች የማዳመጫውን ዴሲቤል የሚያሳይና ድምፁን የሚገድብ ማስተካከያ አላቸው፤ በተለይ ለልጆች ይክፈቱት። ማዳመጫው የውጭ ጩኸት የማይቀንስ ሆኖ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ሲናገር ካልሰሙት ድምፁ በዝቷል ማለት ነው።

ካዳመጡ በኋላ ጆሮዎ ቢጮህ ወይም ቢደፈን የሚያርፍበት ቀን ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ ይለቃል፣ ሲደጋገም ግን ሳይለቅ ሊቀር ይችላል። ጩኸቱ ቀናት ከቆየ ሐኪም ያማክሩ። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ነገ አይበሉ፤ ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር የመዳን ዕድሉ ይሰፋልና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ።