የልጁ ሐኪም ከልጁ በፊት ይታወቅ

የመጀመሪያ ልጅ በሚጠበቅበት ቤት ያልተዘጋጀ ነገር አይገኝም። የገንፎው ገብስ ተፈጭቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ የሕፃኑ መጠቅለያ ታጥቦና ደርቆ ይቀመጣል። አራስ ጠያቂው ዘመድ የት እንደሚያርፍ እንኳ ይታሰብበታል። ሕፃኑ በተወለደ በአምስተኛው ሌሊት ጡት አልይዝ ቢል ወይም ሰውነቱ ቢያተኩስ ወዴት ይወሰዳል? ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ «ያን ጊዜ እናያለን» የሚል ነው።

ያን ጊዜ ሲመጣ ደግሞ እናቲቱ ከወሊድ አላገገመችም፤ አባትየው እንቅልፍ አጥቷል፤ አያት አንድ ምክር፣ ጎረቤት ሌላ ምክር ይሰጣሉ። ሐኪም ጠይቆና አመዛዝኖ ለመምረጥ ከዚህ የባሰ ሰዓት የለም። ስለሆነም ይህ ጉዳይ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ወር፣ ነፍሰ ጡሯ እንደ ልብ ባይሆንም በእግሯ በምትንቀሳቀስበት ጊዜ ሊያልቅ ይገባዋል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በከተሞቻችን በሕፃናት ሕክምና የሠለጠነ ስፔሻሊስት ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ያለውም አብዛኛው በትልልቅ ሆስፒታሎችና በግል ክሊኒኮች ነው። በመሆኑም ለብዙ እናቶች የልጃቸው የመጀመሪያ ሐኪም በቀበሌያቸው አቅራቢያ በሚገኘው ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ወይም ጤና መኮንኑ ነው። ይህ የሚያሳፍር አይደለም። ክትባቱ በነጻ የሚሰጠው፣ የሕፃኑ ክብደት እየተመዘነ በካርድ ላይ የሚመዘገበው እዚያ ነው። እናቲቱ ማወቅ ያለባት ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ የሆነ ሕመም ሲገጥመው ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደሚልክ፣ ያም ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ክፍል ያለው መሆኑን ነው። የግል ክሊኒክ የመረጠችም ብትሆን ይህንኑ መጠየቅ አለባት፤ በር ላይ የተሰቀለው ታፔላ ያማረ ሆኖ ጨቅላ ሕፃን የማያስተኛ ክሊኒክ ብዙ ነው።

የታወቀ ስም ያለው ሐኪም ሁልጊዜ የተሻለ ምርጫ አይደለም። ከተማውን አቋርጠው፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው የሚደርሱበት ሐኪም ለቀጠሮ ያገለግል ይሆናል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግን አይደረስበትም። ብዙዎቹ የሕፃናት ሐኪሞች ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ በግል ክሊኒክ ይሠራሉ። ስለዚህ በየትኞቹ ቀናትና ሰዓቶች እንደሚገኙ፣ እርሳቸው በሌሉ ጊዜ ልጁን ማን እንደሚያይ፣ በስልክ ምክር ይሰጡ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም። በአገራችን ሐኪም ፊት ጥያቄ ማብዛት እንደ ድፍረት ስለሚታይ ብዙ እናቶች አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። እናትን አቋርጦ የሚናገር፣ ጥያቄዋን በፈገግታ የሚያልፍ ሐኪም፣ እናቲቱ የልጇን ሕመም ምልክት ስትነግረውም በደንብ ላይሰማት ይችላልና ከአሁኑ ቢታወቅ ይሻላል።

ወደ ሐኪሙ ስትሄድ የእርግዝና ክትትል ካርዷን ይዛ ትሂድ። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ከሆነ ይህንን አስቀድማ ትንገር። ሾተላይ የሚባለው ችግር በመጀመሪያው ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ ጉዳት ባያደርስም፣ የሕፃኑ ደም ፖዘቲቭ ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩን ልጅ ለመጠበቅ ለእናቲቱ የሚሰጠው መርፌ ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት ያለበት ነው። ከዚህ ቀደም ያስወረዳት እንደሆነም አትደብቅ። የኤች አይ ቪ ወይም የጉበት ቫይረስ በደሟ ከተገኘ ደግሞ ሕፃኑ እንደተወለደ ሳይውል ሳያድር የሚደረግለት ነገር ስላለ፣ የሚያዋልዱትም ሆኑ ሕፃኑን የሚያዩት ባለሙያዎች ቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

ስለ ጡት ወተት የሚነሳው ጥያቄ የሐኪሙን ጠባይ በደንብ ያሳያል። «ወተቴ አነሰኝ የምትል እናት ስትመጣ ምን ያደርጋሉ?» ብላ ትጠይቅ። ጥሩ ሐኪም ሕፃኑ ጡት ሲጠባ ይመለከታል፣ ክብደቱን ይመዝናል፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሸና ይጠይቃል። የቆርቆሮ ወተት ስም ጽፎ የሚሰጥ ግን ለአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ የማይቻል ወጪ ከማምጣቱም በላይ፣ ጡቱ ሳይጠባ በቀረ ቁጥር ወተቱ ይበልጥ እንዲቀንስ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ በ1973 ዓ.ም. የጡት ወተት ተተኪ ምግቦች ሽያጭ የሚመራበትን ደንብ ያጸደቀው ኩባንያዎች በሐኪም ቤቶች በኩል የሚያደርጉትን ማባበል ለመግታት ነበር። ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ድረስ ከጡት ሌላ፣ ውሃም ቢሆን፣ አያስፈልገውም።

በዚህ ላይ የአያቶች ጉዳይ አለ። ልጅ አሳድገዋልና ሊከበሩ ይገባል። ሆኖም ለጨቅላው ቅቤ ማላስ፣ እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማውጣት ደም መፍሰስንና መመረዝን አስከትለው ሕፃናትን የሚገድሉ ልማዶች ናቸው። ይህንን ከምራቷ አፍ ስትሰማ የምትቀየም አማት፣ ሐኪሙ በአክብሮት ሲያስረዷት ትቀበለዋለች። እንግዲህ አማቲቱ በአንዱ ቀጠሮ አብረው ቢሄዱ ምን ይጎዳል?

ለሠራተኛ እናት ሌላም ስሌት አለ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ከሚሰጠው ክትባት ቀጥሎ ያሉት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ይሰጣሉ። አሥራ አራት ሳምንት ማለት 98 ቀን ነው። እንዲህ ከሆነ ይህ ክትባት ፈቃዱ ካለቀ ከስምንት ቀን በኋላ፣ እናቲቱ ወደ ሥራ በተመለሰችበት ሳምንት ይውላል። ብዙ ሕፃን ክትባቱን ሳይጨርስ የሚቀረው በእንዲህ ያለው ሳምንት ነው። ጤና ጣቢያው በየትኛው ቀን እንደሚከትብ አስቀድሞ ማወቅና አባት፣ አያት ወይም እህት ካርዱን ይዘው እንዲወስዱት መስማማት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት የዘጠኝ ወርና የአሥራ አምስት ወር የኩፍኝ ክትባቶችም እንዲሁ በሥራ ቀን ይመጣሉ።

አባትየው በዚህ ሁሉ ውስጥ ተመልካች መሆን የለበትም። አዋጁ ለእርሱ የሚሰጠው ሦስት ቀን ብቻ በመሆኑ፣ ሥራውን ከወሊዱ በፊት ቢጀምር ይሻለዋል። ወደተመረጠው ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ ይየው፤ የሌሊቱ በር የትኛው እንደሆነ ዘበኛውን ይጠይቅ፤ በሌሊት የሚመጣ የባለታክሲ ስልክ ይያዝ። ከዚያም አንድ ወረቀት ወስዶ የሐኪሙን፣ የጤና ጣቢያውንና የባለታክሲውን ስልክ በጉልህ ይጻፍና ከቁም ሣጥኑ በር ላይ ይለጥፈው። ከሥሩም ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያው የሚያስኬዱት ምልክቶች ይጻፉ፦ ጡት መጥባት መተው፣ መንቀጥቀጥ፣ ሕፃኑ ሳያለቅስ በደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የደረት መሠርጎድ፣ ትኩሳት ወይም የሰውነት መቀዝቀዝ፣ መዛልና አለመንቀሳቀስ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚታይ ቢጫነት ወይም በማንኛውም ቀን መዳፍና የእግር ጫማ ቢጫ መሆን። አራሷን የምታርሰው እህት ወይም የቤት ሠራተኛዋ ማንበብ የማትችል ከሆነ ጮክ ብሎ ያንብብላት፤ እርሷም ደግማ ትንገረው።