አውራ ዶሮው አንድ ብቻ ሲሆን

ባለፈው ዓመት ስልክ የደወሉልኝ አንድ ጡረተኛ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጡም። ከሻምቡ ገበያ ራሳቸው መርጠው ያመጧቸውን የሆሮ ዶሮዎች ቢሾፍቱ ዳርቻ ባለው ግቢያቸው ለዓመታት ሲያረቡ ቆይተዋል። የውጭ ዘር አንድም ቀን ወደ ግቢው አላስገቡም። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ የፈንግል ክትባቱ በጊዜው ይሰጣል፣ እንቁላሉ በደብተር ይመዘገባል። «ልጄ፣ መኖው ነው መሰለኝ። እንቁላሉ አልፈለፈል አለኝ» አሉኝ።

ሄጄ መፈልፈያ ማሽን ውስጥ የቀሩትን እንቁላሎች ትሪ ላይ አንድ በአንድ ሰበርናቸው። ጥቂቶቹ ከመጀመሪያውም ጽንስ ያልያዙ ነበሩ። የሚበዙት ግን ጀምረው የቀሩ ናቸው፤ አንዳንዱ በመጀመሪያው ሳምንት ቀጭን የደም ክር ዘርግቶ እዚያው ቆሟል፣ አንዳንዱ ላባ አብቅሎ፣ ምንቃሩን ወደ አየር ኪሱ አዙሮ፣ አስኳሉን ወደ ሆዱ ሳይሰበስብ ሞቷል። ተፈልፍለው ከወጡት ጫጩቶች መካከልም ጣታቸው የተጣመመ አየሁ። የማሽኑ ሙቀትና እርጥበት ልክ ነበር፤ መኖውም እንከን አልነበረውም።

«ጋሼ፣ አውራዎቹ ስንት ናቸው?» አልኳቸው።

አጥሩ ሥር የቆመውን ግዙፍ፣ ደማቅ ቀይ፣ ድርብ ኩክኔ አውራ እያሳዩኝ «አንድ ነው፤ ግን እሱን የመሰለ የትም አታገኝም» አሉኝ። አባቱም በዘመኑ ብቸኛ ነበር፤ አያቱም እንዲሁ። በየዓመቱ ከተፈለፈሉት ወንዶች ምርጡ ለዘር ይቀራል፣ የተረፉት ለፋሲካ ይሸጣሉ። ዘመድ ከዘመድ እየተራባ እዚህ መድረሱን ሳስረዳቸው «ዘሩን ጠበቅኩ እንጂ ምን አጠፋሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ጥያቄ ከአርሶ አደሩም ከከተማ አርቢውም እሰማዋለሁ፤ በዶሮ እርባታ ከተደራጁ ወጣቶችም፣ የሚያሳዝነው ደግሞ ከሙያ ባልደረቦቼም። እውነቱን ለመናገር መመለሱ ደክሞኛል። ዘር መጠበቅ ሲባል ሰው የሚታየው በውጭ ዘር ላይ በር መዝጋት ነው፤ ሳሶ እንዳይገባ፣ ቦቫንስ እንዳይገባ፣ ኮኮክ እንዳይገባ። በተዘጋው በር ውስጥ ስንት አባት እንዳለ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። «አንድ ጥሩ አውራ ይበቃል» የሚለው እምነት ግን በሄድኩበት ሁሉ ይቀበለኛል።

አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ የሚያሳየው ሒሳብ አሜሪካዊው የሥነ ዘር ሊቅ ሲዋል ራይት እ.ኤ.አ. በ1931 ያሳተመው ነው፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይሠራዋል። የአውራዎቹ ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር ይባዛል፣ ውጤቱ በ4 ይባዛል፣ ከዚያ ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር ያ መንጋ በዘር ሀብቱ የስንት ወፍ ያህል እንደሆነ ይናገራል። አንድ አውራና 12 ሴቶች ያሉት ግቢ በዓይን ሲቆጠር 13 ነው፤ በዚህ ሒሳብ ግን 4 እንኳን አይሞላም። በየትውልዱ ከዘር ልዩነቱ ከ13 በመቶ በላይ ይጠፋል፤ በሦስት ትውልድ ሲሶው አልቋል ማለት ነው።

ሰው ይህን ስነግረው ሴቶቹን ለማብዛት ይነሳል። 100 ሴቶች ቢገዙ? ያው ከ4 በታች። 1,000 ቢሆኑስ? አሁንም 4 አይሞላም። የሚቀጥለው ትውልድ ግማሽ ዘር የሚመጣው ከአባት ነውና አባት አንድ ከሆነ ያ ግማሽ በሙሉ የአንድ ወፍ ነው፤ እናቶቹ ሺህ ሆኑ አሥር ለውጥ የለውም። በአንጻሩ 10 አውራና 40 ሴት ብናደርግ ቁጥሩ 32 ይሆናል፤ በየትውልዱ የሚጠፋው ወደ 1.5 በመቶ ይወርዳል። 25 ወንድና 25 ሴት ቢሆኑ 50 ይደርሳል፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለሚጠበቅ ዘር ቢያንስ ይኑር የሚለው ቁጥርም ይኸው ነው። እዚህ ላይ የዶሮዎቹ ጠቅላላ ብዛት ከቀደመው ምሳሌ አይበልጥም፤ የበዛው አባት ነው።

ልጁን ሲድር ሰባት ቤት የሚያስቆጥር ኅብረተሰብ አውራ ዶሮውን ከእህቶቹ፣ ቀጥሎም ከልጆቹ ጋር ሲያውል ቅር አለማለቱ ሁሌም ይገርመኛል። ዘመድ ከዘመድ የማይጋባበት ምክንያት ግን በሰውም በዶሮም ቤት አንድ ነው። እያንዳንዱ ወፍ የተደበቀ ጉድለት ይሸከማል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን አይታይም፣ ከአባትም ከእናትም ሲመጣ ይገለጣል። በዶሮ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚመታው የመራባት አቅምን ነው፦ እንቁላሉ አይጸንስም፣ የጸነሰው አይፈለፈልም፣ የተፈለፈለው አይጠነክርም። ባለቤቱ የሚያየው ይህን ነውና መኖ ይቀይራል፣ ቫይታሚን ይገዛል፣ ማሽን የሸጠለትን ይወቅሳል። ገንዘቡ ያልቃል፤ የተሸጡት አውራዎች ግን ድስት ገብተዋል።

ገጠር ውስጥ ይህ ችግር ለዘመናት ገንኖ ያልታየው የገበሬው ዶሮ አጥር ስለሌላት ነው። የጎረቤት አውራ ያጠቃታል። የሚታቀፍ እንቁላል ከጎረቤት ይለመናል፣ ከገበያም ይገዛል። ቄብ በርቢ ይሰጣል፤ አራስ ሲጠየቅ ዶሮ ይያዛል። መንደሩ በሙሉ፣ ከዚያም አልፎ ገበያውን የሚጋሩት ቀበሌዎች ሁሉ፣ ማንም ሳያቅደው እንደ አንድ ሰፊ መንጋ ይዋለዳሉ። ከዚያ ጥቂት ወፎችን ቀንሰን ግቢ ውስጥ ስንዘጋባቸው ይህን ዝውውር ነው የምንቆርጠው። «ሳይነኩ ማቆየት» የሚባለው ነገር ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ፤ በአጥር የታጠረ መንጋ ቀድሞ ተነክቷል፣ ዝውውሩን በእጅ ካልተካንለት ራሱን አያድንም።

ገጠሩም ቢሆን እንደ ድሮው አልቀጠለም። የበዓል ገበያ በተለይ አውራውን ይፈልገዋል። የ55 ቀኑ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ ነጋዴው በየመንደሩ ይገባል፤ አውራውን አንስቶ በእጁ ይመዝናል፣ ደረቱን በአውራ ጣቱ ዳሰስ ያደርጋል፣ ኩክኔው ድርብ መሆኑን ያያል፣ ላባው ቀይ ከሆነ ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ፈጥኖ ያደገው፣ ከጭልፊትና ከፈንግል የተረፈው፣ የመንደሩ ሸጋ አውራ ቀድሞ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ልጅ ሳያተርፍ ነው የሚሄደው። ለዘር የሚቀረው ገዢ ያጣው ነው። ገጠር ላይ ምርጡ ይሸጣል፣ ከተማ ላይ ምርጡ ብቻውን ይነግሣል፤ በሁለቱም በኩል የአባቶች ቁጥር ይመነምናል።

የቀለሙ ነገር ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ለሀበሻ ዶሮ «ቀይ ነው» የሚል መልክ ከተሰጠው ሰነበተ። ተመራማሪው ተከተል ፎርሲዶ እ.ኤ.አ. በ1986 የአገር ውስጥ ዶሮዎችን ሲያጠና ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ገብስማና አንገተ መላጣ እያለ ነበር የለያቸው፤ ቀዩ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። አንገተ መላጣዋን ብቻ እንመልከት። የአንገቷን ላባ ያራገፈው ዘረመል አንድ ቅጂ ሲሆን የገላ ላባን በ20 በመቶ፣ ሁለት ሲሆን በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ለቆላ ሙቀት ከዚህ የተሻለ ስጦታ ምን አለ? የከተማ ገዢ ግን መልኳን አይወደውም፤ አርቢውም ወንዱን አንገተ መላጣ በጫጩትነቱ ያስወግደዋል። አንድ ቀይ አውራ ብቻ የሚቀርበት ግቢ ውስጥ የጥቁሩም የገብስማውም ወንድ ወገን በአንድ በዓል ይጠፋል። ቀይ ላባ ለዘር ንጽሕና ምስክር እንዳልሆነም ማወቅ አለብን፤ ከሳሶ የተዳቀለውም ቀልቶ ይወጣል። መታቀፍ የምትችል፣ ጫጩቶቿን ከጭልፊት የምትጋርድ እናት መሆኗን ላባዋ አይናገርም።

«ምርጡን ማስቀረት ታዲያ ስህተት ነው?» ይሉኛል። አይደለም። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 ከሆሮ አካባቢ በተሰበሰበ እንቁላል የጀመረው ሥራ መምረጥ ምን ያህል እንደሚያስኬድ አሳይቷል። በሰባት ትውልድ ውስጥ በ16 ሳምንት የሚመዘነው ክብደት ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ የእንቁላሉ ቁጥር ከእጥፍ አለፈ። ይህ የሆነው ጠብታ የውጭ ደም ሳይጨመር ነው፤ «የሀበሻ ዶሮ አይሻሻልም» ለሚሉ ሁሉ የምጠቅሰው መልስም ይኸው ነው። ነገር ግን እዚያ የሚመረጠው ከመቶዎች መካከል ነው፤ የእያንዳንዷ ጫጩት እናትና አባት ይመዘገባል፤ ለቀጣዩ ትውልድ የሚያልፉትም ብዙ አባቶች ናቸው። አንድ አውራ መርጦ ሌላውን ሁሉ ማረድ ከዚህ ሥራ ጋር ስሙ እንኳን አይገናኝም።

የመንግሥት ሥራም ለረጅም ዘመን በዚሁ የአንድ አውራ እምነት ተመርቷል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኋይት ሌግሆርንና መሰሎቻቸው ወደ ጅማና አለማያ ገቡ። ቆይቶም ገበሬው የራሱን አውራ አስወግዶ የፈረንጅ አውራ እንዲተካ ይደረግ ነበር። የመጣው ወፍ ለመንደሩ ኑሮ አልሆነም፤ የሄደው ግን አልተመለሰም። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ መረጃ ከአንድ አሥር ዓመት ገደማ በፊት ከ95 በመቶ በላይ የነበረው የአገር ውስጥ ዶሮ ድርሻ አሁን ወደ 80 በመቶ አካባቢ ወርዷል። ገና ብዙ ነው የሚል ካለ፣ ከብዛቱ ውስጥ አባት ሆነው የሚያልፉትን ይቁጠርልኝ።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ መጽናኛ መጥቷል፦ «እንደ ላሙ ዘሩን በፈሳሽ ናይትሮጂን አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ይቻላል»። ዶሮ እንደ ላም አይደለችም። ሴትነትን የሚወስነው ክሮሞሶም በዶሮ ዘንድ ያለው በእናቲቱ ብቻ ስለሆነ የአውራ ዘር ቢቀመጥ የእናት ወገኑ በከፊል ይቀራል፤ እንቁላሏን በአስኳሏ ብዛት የተነሳ አቀዝቅዞ ማቆየት አይቻልም። ስኮትላንድ ያለው ሮዝሊን ኢንስቲትዩት ከጽንስ ላይ የሚወሰዱ የዘር ሕዋሳትን አቀዝቅዞ በሌላ ዶሮ በኩል መልሶ ማስፈልፈል እንደሚቻል አሳይቷል፤ ታላቅ ሥራ ነው፣ አደንቃለሁ። የሚቀመጠው ግን ያለው ነው። ከአንድ አባት የወረደ መንጋ ቢቀዘቅዝ ያው ከአንድ አባት የወረደ መንጋ ነው የሚነሳው።

በመጨረሻ የምሰማው ስለ ወጪ ነው። አውራ እንቁላል አይጥልም፣ መኖ ግን ይበላል፤ ሲበዙም ይጣላሉ። ልክ ነው። ስለዚህ አሥሩን አውራ አንድ ሰው ይቀልብ አልልም። አምስት ጎረቤት እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቢይዝ ሒሳቡ ይሞላል፤ ፈንግል አንዱን ቤት ቢመታ እንኳን አራቱ ሊተርፉ ይችላሉ። ወንዶች ጫጩቶች ሲደርሱ የአንደኛው ቤት ለሁለተኛው፣ የሁለተኛው ለሦስተኛው እየተባለ ይዞራሉ፤ የአምስተኛው ወደ አንደኛው ይመለሳል። ሴቶቹ ከተወለዱበት አይነሱም። የቤተሰቡ ምልክት ጫጩቷ በተፈለፈለች ቀን በእግር ጣቶቿ መካከል ያለውን ስስ ቆዳ በመብሳት ይደረጋል፤ የትኛው መሐል እንደተበሳ አይቶ የየትኛዋ እናት ልጅ እንደሆነች ማወቅ ይቻላል።

ከዚያ የሚቀረው የበዓሉ ገበያ ነው። አውራ አይሸጥ ማለት አልችልም፤ የቤቱ ወጪ ከዚያ ነው የሚሸፈነው። የምጠይቀው ቅደም ተከተሉ እንዲለወጥ ነው፦ ነጋዴው ደጃፍ ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት ለእያንዳንዱ አውራ አንድ ተተኪ ወንድ ልጅ፣ ለእያንዳንዷ እናት አንዲት ቄብ ይመረጡና እግራቸው ላይ ቀለበት ይግባ። ጥቁሩም፣ ገብስማውም፣ አንገተ መላጣውም ከአባቶቹ መካከል ካለ ቀለበቱ ይድረሰው። ቀለበት የሌለው ይሸጥ።