የታይፎይድ ምርመራ እንዴት ይሠራል?

መቀሌ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ካተኮሰውና ራሱን ካመመው፣ ጎረቤቱ ቀድሞ የሚጠረጥረው ታይፎይድን ነው። ሰውየው ክሊኒክ ሄዶ ደም ይሰጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ይወጣል፤ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ይባላል። መድኃኒቱን ገዝቶ ይውጣል። ከወራት በኋላ እንደገና ያተኩሰዋል፣ እንደገና ያንኑ ውጤት ይዞ ይመለሳል። አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ያ የውጤት ወረቀት ምን እንደሚነግረን ማወቅ ለጤናም ለኪስም ይበጃል።

ከበሽታው እንጀምር። ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ የተባለ ባክቴሪያ ነው። መኖሪያው ሰው ብቻ ነው፤ ከከብት ወይም ከዶሮ አይመጣም። ከታማሚው ዓይነ ምድር ይወጣና በውሃ፣ በጥሬ አትክልት ወይም ባልታጠበ እጅ ወደ ሌላው ሰው አፍ ይደርሳል። የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ውስጥ ይራባል። ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ ቀን በቀን እየጨመረ የሚሄደው ለዚህ ነው። በወቅቱ ካልታከመ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንጀትን ሊበሳ ይችላል።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ። ምርመራው ዊዳል ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ካስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ከፈርናንድ ዊዳል ነው። ባለሙያው ደሙን በማሽን አሽከርክሮ ቀዩን ክፍል ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ከላይ የሚቀረውን ቢጫማ ፈሳሽ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ጠብ ያደርጋል። በአንዱ ጠብታ ላይ ሰማያዊ፣ በሌላው ላይ ቀይ ፈሳሽ ይጨምራል፤ በሁለቱም ውስጥ ያሉት የተገደሉና ቀለም የተነከሩ የታይፎይድ ባክቴሪያዎች ናቸው። አዋህዶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሰሌዳውን ያወዛውዛል። በሰውየው ደም ውስጥ እነዚህን ባክቴሪያዎች የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ካሉ፣ የሞቱትን ባክቴሪያዎች እርስ በርስ ያያይዟቸዋል። ለስላሳ የነበረው ቀለም በዓይን በሚታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ይጓጉላል። ይህ ሲሆን ወረቀቱ ላይ «ሪአክቲቭ» ተብሎ ይጻፋል።

እንግዲህ ዊዳል ባክቴሪያውን አላየም፤ ያየው ሰውነታችን ለመከላከል የሠራውን ነው። ዱካ እንጂ አውሬው አልተገኘም። ዱካው ደግሞ የዛሬ ላይሆን ይችላል፤ ፀረ እንግዳ አካላቱ ሰው ከዳነ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በደም ውስጥ ይቆያሉ። ሌሎች የሳልሞኔላ ዝርያዎች፣ እንዲሁም ወባ፣ ተመሳሳይ መጓጎል ሊያሳዩ ይችላሉ። በተቃራኒው እውነተኛ ታይፎይድ የያዘው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሲመረመር፣ ሰውነቱ ፀረ እንግዳ አካላቱን ገና ስላልሠራ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል።

በዚያው ወረቀት ላይ የሚመጣው የታይፈስ ውጤትም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ታይፈስ በሰውነት ቅማል የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ነው። ዌይል ፌሊክስ የተባለው ምርመራ የሚሠራው በራሱ በታይፈስ ጀርም ሳይሆን ከእርሱ ጋር በመጠኑ በሚመሳሰል ፕሮቴየስ በተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ስለዚህ በቀላሉ ይሳሳታል።

ባክቴሪያውን በራሱ የሚፈልገው ምርመራ የደም ካልቸር ነው። ከክንድ የተቀዳው ደም ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ በሰውነት ሙቀት ይቀመጣል፤ ባክቴሪያ ካለ በቀናት ውስጥ ያድጋል። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይታወቃል። ካልቸርም ፍጹም አይደለም፤ ከእውነተኛ ሕሙማን መካከል የሚያገኘው ግማሽ ያህሉን ነው፣ ክኒን ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ቢሆንም በአዲስ አበባም በመቀሌም ሁለቱን ምርመራዎች ጎን ለጎን ያስኬዱ ጥናቶች ያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ ዊዳል «አለባቸው» ካላቸው ሕሙማን ውስጥ ባክቴሪያው በደማቸው የተገኘው ጥቂቶቹ ናቸው።

የተሳሳተ ውጤት ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ያለ በሽታው የተዋጠ ሲፕሮ ወይም ያለ በሽታው የተወጋ ሴፍትሪያክሶን ባክቴሪያዎችን መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል፤ እውነተኛው ታይፎይድ በሚመጣበት ቀን መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. መድኃኒት በጠፋባት መቀሌ፣ የሚሠራ መድኃኒት ምን ያህል ውድ እንደሆነ መንገር አያሻም። ከዚህም በላይ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ሲዘጋ፣ ከቆላ የተመለሰው ሰው ወባ ወይም የሳንባ ምች ሳይታወቅ ይቀራል።

ስለዚህ ትኩሳት ሲይዝ ሐኪሙን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፦ ወባ ተመርምሬአለሁ ወይ? መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት ካልቸር መሥራት ይቻላል ወይ? ካለፈው ሕመም በተረፈ ወረቀት ክኒን መግዛት አይገባም። ትኩሳቱ ቀን በቀን እየጨመረ ሆድ ቁርጠት ከበረታ፣ ሆድ ከተነፋ ወይም ዓይነ ምድር ላይ ደም ከታየ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ቤት ውስጥ የምንሠራውም አለ። የመቀሌ ውሃ በብዛት የሚሳበው ከዓይናለም ጉድጓዶች ነው፤ ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ግን ውሃው በጀሪካንና በበርሜል ይከማቻል፣ በቦቴም ይገዛል። የሚጠጣውን ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ መቅጃውን ከመሬት ማራቅ፣ ከመጸዳጃ መልስ እጅን በሳሙና መታጠብ ባክቴሪያውን አፍ ሳይደርስ ያስቀረዋል። ሆስፒታሎቻችን ደግሞ ካልቸር ለመሥራት የሚያስችል ዕቃና ባለሙያ እንዲኖራቸው መጠየቅ የሁላችንም መብት ነው።