ከስልክ ሞደም እስከ ፋይበር፦ የጌም ኮንሶልና የቤት ኢንተርኔት በ25 ዓመት ውስጥ

በአንድ ትውልድ ዕድሜ ወደ ቤት የሚገባው የኢንተርኔት ፍጥነት በሰከንድ ከ56 ኪሎቢት ተነሥቶ፣ ፋይበር በደረሰባቸው ከተሞች 1 ጊጋቢት ገብቷል፤ ወደ 18 ሺህ እጥፍ ገደማ አድጓል ማለት ነው። በዚያው ዘመን አንድ ትእዛዝ ከተጫዋቹ እጅ ተነሥቶ ሰርቨር ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ከ150 ወይም 200 ሚሊሰከንድ ወደ 15 ወይም 20 ወርዷል፤ ያውም ሰርቨሩ ቅርብ ለሆነለት ሰው። ይህ ለውጥ አሥር እጥፍ ቢሆን ነው። አቅራቢዎች የሚያስተዋውቁት የመጀመሪያውን ቁጥር ሲሆን ጨዋታውን የሚወስነው ግን ሁለተኛው ነው፤ ኮንሶልን ከቤት ብሮድባንድ ጋር የማገናኘት ታሪክም እነዚህ ሁለት ቁጥሮች እየተራራቁ የሄዱበት ታሪክ ነው። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴጋ ድሪምካስትን በ1998 መጨረሻ በጃፓን፣ በመስከረም 1999 ደግሞ በአሜሪካ ሲያወጣ ሞደሙን ከማሽኑ ጋር አብሮ አቀረበ። የኦንላይን ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር የቤቱ ስልክ ይያዝ ነበር፤ የስልክ ሞደም ራሱ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚበላም ፈጣን ምላሽ የሚፈልጉ ጨዋታዎች ገና ከመነሻቸው ይንገዳገዱ ነበር። በታኅሣሥ 2000 የወጣው ፋንታሲ ስታር ኦንላይን ግን በዚያ ቀጭን መስመር ላይ እንኳ የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው ሊጫወቱ እንደሚፈልጉ አሳየ። ሴጋ በጥር 2001 የድሪምካስትን ምርት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ የጣለው ኪሳራውና የፕሌስቴሽን 2 ፉክክር እንጂ የኢንተርኔት ሐሳቡ አልነበረም።

እውነተኛው መታጠፊያ 2002 ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ኩባንያዎች ሁለት የተለያየ ውሳኔ ወሰኑ። ሶኒ በነሐሴ ለፕሌስቴሽን 2 በ40 ዶላር ገደማ የሸጠው መገጣጠሚያ የስልክ ሞደምም የኔትወርክ ኬብል ማስገቢያም ነበረው፤ ማንንም ላለማስቀረት የታሰበ ነው። ማይክሮሶፍት በአንጻሩ ኤክስቦክስን በኅዳር 2001 ያወጣው ከነኔትወርክ ማስገቢያው፣ ያለ ምንም ሞደም ነበር፤ ከዓመት በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 2002፣ ኤክስቦክስ ላይቭን ሲከፍትም ብሮድባንድ የሌለው ቤት እንደማይገባ በግልጽ ተናገረ። ያኔ አብዛኛው የአሜሪካ ቤት ገና ከስልክ ሞደም አልወጣም ነበር። ውሳኔው ጨካኝ ነበር፤ በእኔ ግምት ግን ትክክል ነበር። ሁሉም ተጫዋች ከአንድ ዝቅተኛ ደረጃ በላይ መሆኑ ሲታወቅ የጌም ሠሪዎች በልበ ሙሉነት መንደፍ ቻሉ፤ በ49.95 ዶላር ከአንድ ዓመት ምዝገባ ጋር አብሮ ይሸጥ የነበረው የጆሮ ማዳመጫና ማይክም ድምፅን የጨዋታው አካል አደረገው። ሄሎ 2 የተባለው የኤክስቦክስ ጌም በኅዳር 2004 ሲወጣ የውርርዱ ውጤት በይፋ ታየ። በጃፓን ደግሞ መንገዱን የጠረገው ሌላ ነገር ነበር፤ ያሁ ቢቢ በ2001 ርካሽ የኤዲኤስኤል መስመር ማቅረቡ ዋጋውን ሰብሮት ነበርና፣ በግንቦት 2002 ለፕሌስቴሽን 2 የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 11 የተዘጋጀ ገበያ አገኘ።

ቀጣዩ ዘመን የዋይፋይ ነው። በ2006 የወጣው የኒንቴንዶ ዊ ዋይፋይን አብሮ ይዞ መጣ፤ የኬብል ማስገቢያ ግን አልነበረውም። ኤክስቦክስ 360 በ2005 ሲወጣ ዋይፋይ የሚሻ ሰው 100 ዶላር ገደማ ጨምሮ መሣሪያ ይገዛ ነበር፤ አብሮት የተሠራው በ2010 በታደሰው ሞዴል ነው። ራውተሩ ሳሎን፣ ኮንሶሉ መኝታ ቤት መሆን ቻለ፤ ምቾቱ ግን በነጻ አልመጣም። የአየር ሞገድ ከጎረቤት ራውተርና ከማይክሮዌቭ ጋር ስለሚጋፋ፣ አማካይ ፍጥነቱ ደህና ሆኖ እያለ መዘግየቱ በየሰከንዱ ይዋዥቃል፤ ተጫዋቹን የሚያናድደውም ይኸው መዋዠቅ ነው። ሶኒ በ2013 ፕሌስቴሽን 4ን በተጨናነቀው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብቻ ማውጣቱ ለእኔ እስከ ዛሬ የማይገባኝ ቁጠባ ነው። ኒንቴንዶም በ2017 ለወጣው ስዊች የኬብል ማስገቢያ ያለው ማስቀመጫ ያቀረበው በ2021 ነበር። ፕሌስቴሽን 5 ዋይፋይ 6ን ይዞ ከመጣ ወዲህ ልዩነቱ ጠብቧል፤ ያም ሆኖ ዛሬም አሥር ሜትር ኬብል የብዙ ቤት ችግር ይፈታል።

በ2011 ሁለት ነገሮች ሆኑ። በሚያዝያ የፕሌስቴሽን ኔትወርክ ተሰብሮ የ77 ሚሊዮን መለያዎች መረጃ ተጋለጠ፤ አገልግሎቱም ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ዓለም የሚያስታውሰው ይህንን ነው። በየካቲት የተፈጸመው ግን ያን ያህል አልተወራለትም፤ የኢንተርኔት አድራሻዎችን ለአህጉራት የሚያከፋፍለው ማዕከል የቀሩትን የአይፒ ስሪት 4 አድራሻ ጥቅሎች አከፋፍሎ ጨረሰ። ቀድሞ አንድ ቤት የራሱ የሕዝብ አድራሻ ይሰጠው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አቅራቢዎች በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ማሰለፍ ጀመሩ። ተጫዋቹ ይህን የሚያገኘው በኮንሶሉ የግንኙነት ሙከራ ገጽ ላይ ነው። ኤክስቦክስ ‹‹ስትሪክት›› ይለዋል፤ ፕሌስቴሽን ‹‹ዓይነት 3›› ይለዋል፤ ትርጉሙ ሌላ ተጫዋች በቀጥታ ሊደርስህ አይችልም ነው። ጨዋታ ይከፈታል፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል፤ የጓደኛ ድምፅ ግን አይሰማም፣ ወይም ግጥሚያ ይፈለጋል ይፈለጋል አይገኝም። መፍትሔው አንዳንዴ ቤት ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ192.168.1.1 ወደ ራውተሩ ገጽ ገብቶ ዩፒኤንፒ የሚለውን መክፈት ይበቃል። በዚያው ገጽ ላይ ራውተሩ ከውጭ የተሰጠው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ግን ቤቱ ከአቅራቢው የጋራ አድራሻ ጀርባ ነውና፣ መደወል ያለበት ለአቅራቢው ነው።

የክፍያው አቅጣጫ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ላይ። በፕሌስቴሽን 3 ላይ ነጻ የነበረው የኦንላይን ጨዋታ በ2013 ከፕሌስቴሽን 4 ጋር የፕሌስቴሽን ፕላስ ምዝገባ ግዴታ ሆነበት፤ የዓመቱ ዋጋም በአሜሪካ ከ50 ዶላር በ2016 ወደ 60፣ በ2023 ወደ 80 ዶላር ወጣ። ተጫዋቹ ለብሮድባንዱ አንድ ጊዜ፣ በብሮድባንዱ ለመጫወት ሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል።

የፍጥነቱ ቁጥር ትርጉም ያገኘው ጌሞች ከዲስክ ወደ ዳውንሎድ ሲዞሩ ነው። አንድ ግጥሚያ በሰከንድ ከ1 ሜጋቢት ያነሰ ይበቃዋል፤ ጌሙን ለማውረድ ግን 100 ጊጋባይት ብርቅ አይደለም። ይህ በ4 ሜጋቢት መስመር ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል፤ በ100 ሜጋቢት ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በመጋቢት 2020 ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት ሶኒ በአውሮፓና በአሜሪካ የጌም ዳውንሎድን ሆን ብሎ አዘገየ። በቤት ውስጥም ያው ነው፤ አንዱ ሲያወርድ የራውተሩ ወረፋ ይሞላና የሌላው መዘግየት ከ20 ወደ ብዙ መቶ ሚሊሰከንድ ይዘላል። እዚህ ላይ ወረፋውን የሚያስተዳድር ራውተር ፓኬጅ ከማሳደግ የበለጠ ይጠቅማል።

በአዲስ አበባ ታሪኩ ሌላ መንገድ ሄዷል። ፕሌስቴሽን ቤቶች የተስፋፉት ያለ ኢንተርኔት ነው፤ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ክፍያ በጨዋታ። በቤት ውስጥ መስመሩ ቀርፋፋና ውድ ነበር። የኢትዮ ቴሌኮም የ2018 እና የ2020 የታሪፍ ቅናሾች፣ የፋይበር መስፋፋትና በጥቅምት 2022 የሳፋሪኮም ሥራ መጀመር ያንን ለውጠዋል፤ ዛሬ ኮንሶሉን ከቤቱ መስመር ጋር የሚያገናኝ ወጣት ብርቅ አይደለም። እሱን የሚጠብቁት ሁለት ሌሎች እንቅፋቶች ናቸው። የሶኒ የመለያ ምዝገባ በሚያቀርበው የአገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያ ሳትገባ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ መለያው በሌላ አገር ስም ይከፈታል፤ የመክፈያ ካርዱን ውጭ ያለ ዘመድ ይልካል። ሁለተኛው ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል፤ መስመሩ በባሕር ኬብል ዞሮ አውሮፓ ሲገባ 8 ሺህ ኪሎሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ ብቻ 80 ሚሊሰከንድ ነው፤ የራውተሮቹ ወረፋ ሳይቆጠር። በ2019 በባሕሬንና በደቡብ አፍሪካ ትልልቅ የዳታ ማዕከላት መከፈታቸው ይህንን ሊያሳጥር የሚችል ለውጥ ነው፤ የጌም ኩባንያዎች እዚያ ሰርቨር ሲያቆሙና ከኢትዮጵያ ወደዚያ የሚሄደው መስመር በአውሮፓ ሳይዞር ሲደርስ ብቻ ነው ታዲያ።

አዲስ አበባ ያለ ልጅና ዋሽንግተን ያለ የአጎቱ ልጅ እግር ኳስ ሊጋጠሙ ሲሉ ይህ ስሌት ራሱን ይደግማል። በሁለቱ ከተሞች መካከል 11 ሺህ 500 ኪሎሜትር ገደማ አለ፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ115 ሚሊሰከንድ አይወርድም። ጨዋታው ሰርቨር የሚያስመርጥ ከሆነ አውሮፓን መምረጥ መዘግየቱን ለሁለቱ ያካፍላል፤ አንዱ ብቻ ተጎድቶ ከሚሸነፍ ይሻላል።